የኮካ ቀመር የማነው? የኛ ቀሪቦስ?

ከኮን እስከ ካሊፎርኒያ «አንድ ኮካ» ካላችሁ የሚመጣላችሁ ያው ጥቁር መጠጥ ነው። አገራችን ከገባ እንኳ ከ1959 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስንት ትውልድ ጠጥቶታል! ቀመሩ የማን ነው የሚለው ጉዳይ ግን ዛሬም ያጨቃጭቃል።

በይፋ የሚነገረው ታሪክ ይሄ ነው። የአትላንታው ፋርማሲስት ጆን ፔምበርተን በ1886 መጠጡን ቀመመ፤ በጃኮብስ ፋርማሲ አንዱ ብርጭቆ በ5 ሳንቲም መሸጥ ጀመረ። ስሙን ያወጣውና ያንን ጥምዝምዝ ጽሕፈት የጻፈው የሒሳብ ሠራተኛው ፍራንክ ሮቢንሰን ነው።

ታዲያ ጭቅጭቁ የቱ ጋ ነው? ፔምበርተን ከዚያ በፊት ይሸጥ የነበረው የኮካ ቅጠል ያለበት ወይን ጠጅ ነበር። እሱም አንጀሎ ማሪያኒ ከ1863 ጀምሮ ፈረንሳይ ውስጥ ይሸጠው የነበረውን መጠጥ አይቶ የሠራው ነው። አትላንታ አልኮል ስትከለክል ወይኑ ወጣ፣ በስኳር የጣፈጠ ሽሮፕ ገባ። አዬሎ ዴ ማልፌሪት የምትባል የስፔን ትንሽ ከተማ ደግሞ «ኮላ ኮካ» የሚል መጠጥ ከአሜሪካኖቹ ቀድማ እንደሠራች ትናገራለች።

ምስጢሩም ሌላ ወሬ ነው። በ1979 የአትላንታ ጋዜጣ ከአንድ አሮጌ ደብተር የተገኘ ቀመር አሳተመ። በ2011 አንድ የአሜሪካ ሬዲዮ ፕሮግራም «ዋናው ይሄ ሳይሆን አይቀርም» ብሎ ሲያነሳው ኩባንያው አስተባበለ። በዚያው ዓመት የራሱን ቀመር ከባንክ አውጥቶ በሙዚየሙ ካዝና ቆለፈበት።

«ይሄ ለኛ ምናችን ነው?» ትሉ ይሆናል። ጤፍን አስታውሱ። በ2003 አንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ ፓተንት ጠየቀ፤ በ2007 የአውሮፓ ፓተንት ቢሮ ሰጠው። አዲስ ግኝት ተብሎ ከቀረበው አንዱ ጤፉ ከታጨደ በኋላ ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ ቢፈጭ ይሻላል የሚል ነበር። እህሉን ጎተራ ከትቶ ለሚያከርም ገበሬ ይሄ ግኝት ነው እንዴ? በ2018 የሄግ ፍርድ ቤት የፈጠራ ደረጃ የለውም ብሎ የኔዘርላንዱን ፓተንት ሻረው። ልብ በሉ፤ የተካሰሱት ሁለት የኔዘርላንድ ኩባንያዎች ናቸው። ኢትዮጵያ ተከራካሪ እንኳ አልነበረችም። ለ15 ዓመት ያህል የእንጀራችን ጉዳይ በሰው ቤት ሲንከባለል ቆይቶ፣ የተፈታውም በሰው ጠብ ነው።

አሁን ወደ ቀሪቦ እንምጣ። ወሎ ውስጥ አልኮል የማይጠጣ እንግዳ ሲመጣ የሚቀርብለት ይሄው ነው፦ ገብሱ ጠቆር እስኪል ይቆላል፣ ይፈላል፣ ስኳርና እርሾ ይገባበታል፣ ያድራል። ቀለሙ ከኮካ ብዙም አይርቅም። ገብሱ ምን ያህል ይቆላ፣ ውሃው መቼ ይውረድ የሚለው ግን ያለው በእናቶች እጅ ላይ ነው። ካዝናም ደብተርም የለውም።

የፓተንት መርማሪ ደግሞ «ድሮም እናውቀዋለን» ስላልነው ብቻ አያምነንም፤ ቀድሞ በይፋ የወጣና ቀን ያለበት ማስረጃ ይፈልጋል። ቪዲዮም ማስረጃ ነው። እማማ ነገ ገብስ ሲቆሉ አስፈቅዳችሁ ቅረጹ፤ ስማቸውን፣ ቀበሌውንና ቀኑን ጻፉበትና ልቀቁት። የዋድላ ቅኔ «የዋድላ» እየተባለ እስከ ዛሬ ከነአገሩ ይጠራል። የዋድላ ቀሪቦስ ምን ያንሰዋል?