ከጓዳ ወደ አደባባይ የወጣ ሙዚቃ

በዚህ ዓመት በትምህርት ቤታችን ግቢ በዕረፍት ሰዓት ከተነሡት ክርክሮች ሁሉ ረዥሙ ስለ ኳስም ሆነ ስለ ፈተና የተደረገው አይደለም፤ ስለ ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ የተደረገው ነው። አንዱ ወገን፥ «ይህ ሙዚቃ በጥቂቶች ጆሮ ሳለ ጣዕም ነበረው፤ ወደ አደባባይ ከወጣ ወዲህ ግን ጩኸት ሆነ» ይላል። ሌላው ወገን ደግሞ፥ «አደባባይ ባይወጣ ኖሮ አንተስ ከየት ሰምተኸው ትከራከር ነበር?» ብሎ ይመልሳል። ክርክሩ ደወል እስኪደወል ይዘልቃል፤ በማግሥቱም ካቆመበት ይቀጥላል። እኔ አዳምጬ ያስተዋልሁት ነገር ቢኖር፥ ከተከራካሪዎቹ የሚበዙት፥ ራሴንም ጨምሬ፥ የምንከራከርበት ነገር ከየት ተነሥቶ የት እንደ ደረሰ በደንብ የማናውቅ መሆናችንን ነው። ስለዚህ መጽሔታችን በዓመት አንድ ጊዜ ስትወጣ ይህን ነገር በመጠኑ ለማስረዳት ብዕሬን አነሣሁ።

በመጀመሪያ ስሙን እንፍታ። ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ የሚባለው፥ ድምፁ በጅማት፣ በትንፋሽ ወይም በቆዳ ንዝረት ብቻ የሚገኝ ሳይሆን በኤሌክትሪክ መሣሪያ የሚፈጠር፥ ወይም ከሌላ ቦታ ተቀድቶ በመሣሪያው የሚለወጥ ሙዚቃ ነው። መንገዱም ሁለት ነው። አንደኛው፥ ሲንተሳይዘር በሚባለው መሣሪያ ከምንም ተነሥቶ አዲስ ድምፅ መሥራት ነው። ሁለተኛው፥ ቀድሞ የነበረን ድምፅ፥ ለምሳሌ የክራርን ወይም የሰውን ዜማ፥ ቀድቶ፥ ቆርጦ፥ እየደጋገሙ መቀጠል ነው፤ የተቆረጠውም ቁራጭ ሳምፕል ይባላል። ኮምፒዩተር ድምፅን ሲቀዳ እንደ ወንዝ አያፈሰውም፤ እንደ ጥራጥሬ ይቆጥረዋል። በሲዲ ላይ ያለ አንድ ሰከንድ ዜማ 44,100 ጊዜ ተለክቶ የተጻፈ ቍጥር ነው። ቍጥር የሆነ ነገር ደግሞ ይከፈላል፥ ይባዛል፥ ይገለበጣል። የዚህ ሙዚቃ ጥበብም ጣጣም ከዚሁ ይነሣል።

ይህ ነገር የፈረንጅ ነው ለሚሉ አንድ የማይዘነጋ ታሪክ አለ። ዓመቶቹን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ልናገርና፥ በ1944 ሐሊም ኤል ዳብ የተባለ ግብፃዊ በካይሮ ከተማ በሽቦ ላይ ድምፅ የሚቀዳ መሣሪያ ተሸክሞ ወደ አንድ የዛር ሥነ ሥርዓት ሄደ፤ የሴቶቹንም ዜማ ቀድቶ፥ ዋናውን ድምፅ እየቀነሰ በገደል ማሚቶም እየለወጠ አዲስ ሥራ አደረገው። በፓሪስ ፒየር ሼፈር በዚሁ ዓይነት ሥራ ስሙ የተጠራው ከዚያ 4 ዓመት በኋላ፥ በ1948 ነው። ይህ ሐሊም ኤል ዳብ ከ1962 እስከ 1964 በአዲስ አበባ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አስተምሯል፤ መሰንቆውን፣ ክራሩን፣ ዋሽንቱንና ከበሮውን በአንድነት ያሰለፈውን ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን ያቋቋመም እርሱ ነው። እንግዲህ ድምፅን በመሣሪያ መለወጥን በዓለም ላይ ከጀመሩት ሰዎች አንዱ የኛን መሰንቆ መቺዎች በቅርብ ያውቅ ነበር ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣው ጊዜ ለሙዚቀኞች ቀላል አልነበረም። ከ1974 አብዮት በኋላ የሰዓት እላፊ ታወጀ፤ የሌሊቱ ጭፈራ ተዳከመ፤ በ1980ዎቹም ብዙ መለከት የሚያሰልፈው ትልቅ ባንድ ቦታውን ለኪቦርድ እየለቀቀ ሄደ። በዚያን ጊዜም «መኪና ሰውን ተካ» ብለው ያዘኑ ሰዎች እንደ ነበሩ ከአባቶቻችን እንሰማለን። የዋልያስ ባንዱ ኃይሉ መርጊያ በ1981 ከጓደኞቹ ጋር ወደ አሜሪካ ሄዶ በዚያው ቀረ፤ በ1985ም በዋሽንግተን ከተማ ብቻውን ሆኖ በአኮርዲዮን፣ በኤሌክትሪክ ኪቦርድና ምት በሚመታ መሣሪያ አንድ ካሴት ሠራ። ከባንድ ይልቅ መሣሪያ የከበበው ሰው ሥራ ነው። ኃይሉ መርጊያ ከዚያ ወዲያ ብዙ ዘመን ታክሲ እየነዳ ኖረ፤ ካሴቱ በ2013 በውጭ አገር ሰዎች እንደገና ታትሞ ሲወጣ ግን ዓለም አወቀውና በታላላቅ መድረኮች መጫወት ጀመረ።

አሁን ወደ ዘመናችን እንምጣ። ከ2010 በኋላ ባሉት ዓመታት በአዲስ አበባ ጥቂት ወጣቶች በየቤታቸው በኮምፒዩተር ላይ ሌላ ዓይነት ሥራ ጀመሩ። ከእነርሱ መካከል ስማቸው የታወቀው እንደገና ሙሉ፥ «ኢትዮጵያን ሬከርድስ» በሚለው ስም የሚሠራው፥ እና በአሜሪካ ኒው ጀርሲ ተምሮ የተመለሰው ሚካኤል ሰይፉ ናቸው። ሥራቸውን «ኢትዮጵያዊ ኤሌክትሮኒክ» አሉት። የክራር፣ የመሰንቆና የአዝማሪ ድምፅ በውስጡ አለ፤ ነገር ግን እንደ ጭፈራ ዘፈን አይሮጥም። ይቆማል፥ ያስባል፥ ድንገት ምቱ ይጠፋና ትንፋሽ ብቻ ይሰማል። የሚካኤል «የአራዳ ልጅ» በ2014 የወጣው በዋሽንግተን ባለው 1432 አር በተባለ አሳታሚ ነው፤ «ዘላለም» የተባለውን ደግሞ በ2016 የኒውዮርኩ አርቪኤንጂ አሳተመው። የውጭ አገር ጋዜጦች ጻፉለት፥ አመሰገኑት።

በ2018፥ በእኛ 2010 ዓ.ም.፥ ሮፍናን ኑሪ «ነጸብራቅ» የተባለውን አልበም አወጣ። ሮፍናን ዲጄ ሆኖ የሠራ ሰው ነውና ሕዝብ በምን እንደሚነሣ ያውቃል። የአገራችንን ዜማና ጭፈራ፥ ግጥሙንም ጭምር፥ በዓለም ላይ ኢ.ዲ.ኤም. ከሚባለው የትልቅ መድረክ ሙዚቃ ጋር አጋባው። ከጦር ኃይሎች ወደ አየር ጤና በሚሄደው ታክሲ ውስጥ፥ በቤተል ካፌዎች፥ በልደትና በሠርግ ድንኳን ሁሉ ይሰማ ጀመር። «ስድስት» የተባለው ሁለተኛው አልበሙ በ2022 የወጣው ዩኒቨርሳል በተባለው ታላቅ የዓለም ኩባንያ የአፍሪካ ክፍል በኩል ነው። ኤሌክትሮኒክ የሚለውን ቃል ሰምተው የማያውቁ ሰዎች ቃሉን ሳያውቁ ሙዚቃውን ወደዱት።

መለያየቱም ከዚህ ላይ መጣ። እንዲህ ያለው መለያየት ግን በእኛ አልተጀመረም። በ2000ዎቹ መጀመሪያ በደቡብ ለንደን ባለችው በክሮይደን፥ ቢግ አፕል በሚባል አንድ የሸክላ መደብር ዙሪያ የሚሰበሰቡ ወጣቶች ደብስቴፕ የሚባለውን ሙዚቃ ፈጠሩ። በደቂቃ 140 ያህል ምት ሲኖረው፥ ባሱ ከጆሮ ይልቅ በደረት የሚሰማ፥ በምቱና በምቱ መካከል ብዙ ባዶ ቦታ ያለው ጨለም ያለ ሙዚቃ ነበር። በ2010 ስክሪሌክስ የሚባለው አሜሪካዊ ያንን ባዶ ቦታ በሚያጓራ ድምፅ ሞላው፤ ዓለምም ተቀበለው፤ በ2012 ሦስት የግራሚ ሽልማት አገኘበት። የጥንቶቹ ወዳጆች ተቈጥተው ለአዲሱ «ብሮስቴፕ» የሚል የፌዝ ስም አወጡለት። አንዳንዶቹም ከነጭራሹ ትተውት ሄዱ።

የእኛ ተከራካሪዎች ይህን የክሮይደን ታሪክ እንዳለ ወደ አዲስ አበባ ማምጣት ይወዳሉ፤ እኔ ግን በዚህ አልስማማም። የክሮይደን ልጆች የተነጠቁት በእጃቸው የነበረውን፥ በሠፈራቸው ሱቅ በሳንቲማቸው ይገዙት የነበረውን ነው። የኛው «የጓዳ ሙዚቃ» ግን የተሸጠው በዋሽንግተንና በኒውዮርክ፥ በሸክላና በኢንተርኔት ነበር። የኮልፌ ልጅ ሸክላ ማጫወቻ ከየት ያመጣል? በዶላር የሚከፈለውንስ በምን ይከፍላል? ሙዚቃው ስውር የነበረው ለእኛ ነው እንጂ ለባሕር ማዶ ሰው አልነበረም። ስለዚህ «ከእጃችን ወጣ» ብሎ የሚያዝን የሠፈሬ ልጅ፥ መቼ በእጁ እንደ ገባ መጀመሪያ ቢነግረኝ ደስ ይለኛል።

ይህን ማለቴ ግን የጓዳው ወገን ቅሬታ ሁሉ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። አንድ ትልቅ ነገር ይዘዋል፤ እርሱም የምቱ ነገር ነው። ጭፈራችን ብዙውን ጊዜ በስድስት የሚቈጠር ነው፤ ሙዚቀኞች ችክችካ ይሉታል። ስድስቱን ሦስት ሦስት አድርጎ ለሁለት፥ ወይም ሁለት ሁለት አድርጎ ለሦስት መክፈል ይቻላል፤ ትከሻችን የሚንቀጠቀጠው በዚህ መካከል ነው። ሀውስ የሚባለውና እርሱን የመሰለው የፈረንጅ የጭፈራ ሙዚቃ ደግሞ አራት እኩል ምት ነው፤ በደቂቃ ከ120 እስከ 130 ጊዜ ያህል ዱም፥ ዱም ይላል። የሙዚቃው ፕሮግራም ሲከፈት ብዙውን ጊዜ መስመሩን ለአራት ሰፍሮ ይጠብቃል። ወደ ስድስት መለወጥ ይቻላል፤ ነገር ግን የማያውቅ ወይም የቸኰለ ሰው ዜማውን ወደ መስመሩ ይጐትተዋል። በሠፈራችን የሠርግ ድንኳን ብዙ ጊዜ ያየሁት ነገር አለ፤ አራቱ ምት ሲመታ ወጣቶቹ ይዘላሉ፥ እናቶች ተቀምጠው ያያሉ፤ ወደ ስድስቱ ሲዞር እናቶች መቀነታቸውን እያጠበቁ ይነሣሉ።

ቅኝቱም እንደዚሁ ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ የምንላቸው በአምስት ድምፅ የሚሄዱ ናቸው። ኪቦርድ አንዱን ስምንዮሽ በ12 እኩል ደረጃ ከፍሎ አስቀምጧል፤ መሰንቆ ግን አንድ የፈረስ ጭራ ጅማት እንጂ ደረጃ የለውም፤ ጣት በደረጃዎቹ መካከል ይንሸራተታል፥ ያለቅሳል። ያ መንሸራተት ሲቃና ለቅሶው ይጠፋል።

ይህን ነገር ከመጽሐፍ አልተማርሁትም። ከቀራንዮ መድኃኔ ዓለም በታች ባለው መንደር የሚኖር አንድ ጓደኛዬ በአሮጌ ኮምፒዩተር ሙዚቃ ይሠራል፤ መብራት ሲጠፋ ሥራውም አብሮ ይጠፋል። ባለፈው ክረምት በጎረቤቱ ያሉ፥ በየሠርጉ የሚጫወቱ አንድ ሽማግሌ መሰንቆ ሲመቱ በስልኩ ቀድቶ፥ ቆራርጦ፥ አራት ምት ሰጥቶ በስልክ ለጓደኞቹ በተነው። ብዙ ሰው ወደደለት። እርሱም ደስ ብሎት ሊያሰማቸው ሄደ፤ እኔም አብሬው ነበርሁ። ሽማግሌው እስከ መጨረሻው ዝም ብለው ሰሙና፥

«ልጄ፥ ይህ የእኔ መሰንቆ ነው፤ ግን አንካሳ አድርገኸዋል» አሉት።

«አባባ፥ ኮምፒዩተሩ ምቱን አስተካክሎት ነው» አላቸው።

«ምን ጐድሎት ያስተካክለዋል?» ብለው ጠየቁት። ቀጥለውም፥ «ይህን የሰሙት ሁሉ የመታው ማን እንደ ሆነ ያውቃሉ?» አሉ።

ጓደኛዬ መልስ አልነበረውም። በሕግም ቢሆን መልስ የለውም፤ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ይህ ዓመት በእኛ አቆጣጠር ነው) የደራሲን ብቻ ሳይሆን የተጫዋቹንም መብት ይጠብቃልና። በጓዳ የሚሠራውም ሆነ በአደባባይ የሚሠራው፥ ሙዚቃው የተገዛበት መሰንቆ የማን እንደ ሆነ ሊናገር ይገባዋል። በዕረፍት ሰዓት ክርክራችን ግን ይህን ነገር ያነሣ አንድም ሰው አልሰማሁም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ጓደኛዬ ተመልሶ ሄደና ፈቃዳቸውን ጠየቀ። እርሳቸውም ልጃቸውን አማከሩ፤ ከሚገኘው እኩል እንዲካፈሉ ተስማሙ፤ እስካሁን ምንም አልተገኘም እንጂ። ምቱን በጆሮ የሚቈጥር መሣሪያ ሊያደርግላቸው ቢሞክር እንቢ አሉ። 11 ደቂቃ ያህል እንደ ልባቸው ተጫወቱ። ጓደኛዬም ቤቱ ገብቶ፥ ፕሮግራሙ ምቱን በራሱ እንዲያቃና የሚያዝዘውን ቁልፍ አጥፍቶ፥ የሽማግሌውን ምት አንድ በአንድ እየሰማ መስመሩን በእጁ ያሰምር ጀመር። ሥራው ሦስት ሌሊት ፈጀበት፤ ከሦስቱ በአንደኛው መብራት አልነበረም። ሲጨርስም በዜማው ርእስ ላይ በመጀመሪያ የጻፈው የሽማግሌውን ስም ነው።