የቦይ ዳር ዘፈኖች፦ በአዋሽ ሸለቆ የውሃ ዜማዎችን ስለ መሰብሰብና ስለ ማቆየት



ንግግሬን ከአንድ ቃል ልጀምር። ከዓመታት በኋላ የመጀመሪያውን የመስክ ደብተሬን ገልጬ ሳነብ፣ አንዲት እናት ሸንኮራ ማሳ ዳር ካዜሙልኝ ዘፈን ውስጥ «ለጋ» የሚል ቃል ጽፌ አገኘሁ። እኚህ እናት አማርኛና አፋን ኦሮሞ እያቀላቀሉ ነበር የሚዘፍኑት። በአማርኛ ለጋ ማለት ገና ያልጠነከረ፣ ትኩስ ማለት ነው። በአፋን ኦሮሞ ወንዝ ነው። አናባቢዎቹ ሲረዝሙ ደግሞ ላንቃ ይሆናል። እኔ በፊደላችን ስጽፍ የአናባቢውን ርዝመት አላመለከትሁም። የድምፅ ካሴቱ ከሙቀትና ከአቧራ የተነሣ ተበላሽቷል፤ ዘፋኟም ዐርፈዋል። ስለዚህ ያ ስንኝ ስለ ወንዝ ይሁን ስለ ወጣትነት ዛሬ ማንም ሊነግረኝ አይችልም። ፊደሉ ቀርቷል፤ ዘፈኑ ሄዷል። (እግረ መንገዴን፣ «ለገሃር»ንም ከዚሁ ቃል የመጣ የወንዝ ስም ነው ያሉኝ ተማሪዎች አጋጥመውኛል። እሱ እንኳ የፈረንሳዮቹ የባቡር ጣቢያ ነው።)

ይህ ስሕተት የእኔ ብቻ ቢሆን ባልተናገርሁት ነበር። በአፋን ኦሮሞ የታተመውን ቀደምት የቃል ሥነ ጽሑፍ ስብስብ ያበረከተችልን አስቴር ጋኖ ናት። በልጅነቷ ለባርነት ተሽጣ ከነጻነት በኋላ ምጽዋ አጠገብ በሚገኘው የኢምኩሉ ትምህርት ቤት ያደገችው አስቴር፣ ተረቱን፣ ምሳሌውንና ዘፈኑን የጻፈችው ከትዝታዋ ነው። የሥራዋ ከፊል እ.ኤ.አ. በ1894 ከኦነሲሞስ ነሲብ ጋር ባዘጋጁት የንባብ መጽሐፍ ውስጥ ወጣ። መጽሐፉ የታተመው በግእዝ ፊደል ነበር፤ እኔን ያደናገረኝ የአናባቢ ርዝመት ጉዳይ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ አብሮን ያለ ነው። ይሁን እንጂ ከአገሯ ርቃ፣ የሚያዜምላት ሰው በአጠገቧ ሳይኖር ያን ያህል ማቆየቷ፣ መኪናና መቅረጫ ይዘን ለምንወጣ ለእኛ ትዝብት ነው።

ወደ አዋሽ ልመለስ። አዋሽ ከጊንጪ አካባቢ ተነሥቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ በአፋር ምድር፣ አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል፤ ባሕር አይደርስም። በዚህ ሸለቆ ውሃው ራሱ የቦታ ስም ነው። መልካ ቁንጡሬ፣ መልካ ወረር ስንል «መልካ» የወንዝ መሻገሪያ ነው። መልካ ግን መሻገሪያ ብቻ አይደለም፤ ምስጋና የሚቀርብበት ስፍራም ነው። የመስከረሙ ኢሬቻ፣ ኢሬቻ መልካ፣ ከውሃ ዳር ይከበራል፤ በቢሾፍቱ በሆራ አርሰዲ የሚሰማውን የሕዝብ ዜማ አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። ዝናብ በጠፋ ጊዜ ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው የሚያዜሙት አቴቴም ከዚሁ ወገን ነው። በቦረና የቱላ ጉድጓዶች ደግሞ ሰዎች ከታች እስከ ላይ ተደርድረው ውሃውን በዜማ እየተቀባበሉ ያወጡታል፤ ዜማው ከቆመ ቅብብሉ ይሰናከላል።

እነዚህ ሁሉ ተቀርጸዋል፤ ተጽፎባቸዋልም። የቦይ ዘፈኖች ግን አልታደሉም። ምክንያቱ፣ እኔ እንደማየው፣ እኛው ሰብሳቢዎች ነን። «ንጹሕ» ዘፈን ስንፈልግ ኖረናል፤ የአንድ ሕዝብ፣ የአንድ ቋንቋ፣ ከጥንት የመጣ። የቦይ ዘፈን ከሦስቱም አይደለም።

የወንጂን ታሪክ አስታውሱ። ሃ.ቬ.አ. የተባለው የሆላንድ ኩባንያ ከኢንዶኔዥያ የሸንኮራ እርሻዎቹ ያገኘውን ልምድ ይዞ መጥቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1954 የወንጂን ስኳር ፋብሪካ ሥራ አስጀመረ። የሸዋ ፋብሪካ በ1962 ተከተለ። በመካከሉ፣ በ1960፣ ጣሊያን በከፈለችው የጦር ካሣ የተሠራው የቆቃ ግድብ ተመረቀ፤ የአዋሽም ፍሰት በሰው እጅ ገባ። ውሃው በፓምፕ እየተሳበ ወደ ዋናው ቦይ፣ ከዚያ ወደ ትናንሾቹ ቦዮች፣ በመጨረሻም በሸንኮራው ትልም መካከል ይለቀቃል። ይህን ሥራ የሠሩት ከከምባታ፣ ከሐዲያ፣ ከወላይታና ከሌላም አገር የመጡ ሰዎች ናቸው። መሬቱ ደግሞ ከዚያ በፊት የጅሌ ኦሮሞ የከብት መሰማሪያ ነበር። በአንድ የሠራተኛ መንደር ውስጥ አራት ቋንቋ ይነገራል፤ ዘፈኑም አራቱን ይዋሳል።

አንድ ጡረታ የወጡ ውሃ አጠጪ የሥራውን ነገር እንዲህ አስረዱኝ። ሌሊት ሸንኮራው ከሰው ቁመት በላይ ነው። በትልሙ ግርጌ ያለው ሰው በራሱ ቦይ ያለውን ጓደኛውን አያየውም። ውሃው ግርጌ ሲደርስ «ዝጋ» ብሎ መጮኽ ነበረበት፤ ጩኸት ግን ከብዙ ማሳ ስለሚመጣ የማን እንደ ሆነ አይለይም። ስለዚህ እያንዳንዱ ጥንድ የራሱ ዜማ ነበረው። ዜማው ሲጀመር ውሃው ገና ነው፤ ዜማው ሲዞር ውሃው ደርሷል፤ አካፋውን አንሣ፣ አፈሩን መልስ። እኔ ለብዙ ጊዜ የናፍቆት ዘፈን ነው ብዬ የመዘገብሁት ዜማ፣ ለካ የመዝጊያ ምልክት ነበር! ናፍቆቱም አልጠፋም፤ ስንኙ ስለ አገር ቤት ነው። ሁለቱን የያዘ ዘፈን «የሥራ» ወይስ «የፍቅር» በሚል ሣጥን ውስጥ ይግባ? የእኔ ምላሽ ሣጥኑን መተው ነው። ዛሬ በእያንዳንዱ ቅጂ ላይ የምመዘግበው ዓይነቱን ሳይሆን ማን፣ ለማን፣ ምን እየሠራ፣ ስንት ሰዓት ላይ እንደ ዘፈነው ነው።

በእነዚህ ዘፈኖች ውስጥ ስለ ውሃ ቅሬታም አለ። የስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ በወንጂ ከዚያ የበለጠ ይዞ የተገኘ የጉድጓድ ውሃ ለብዙ ዓመታት ተጠጥቷል። የጥርስ መበለዝና የአጥንት መጠንከር በሐኪሞች ጥናት ታውቋል። በሠራተኞቹ ልጆች መካከል ግን አስቀድሞ የታወቀው በቀልድ ዘፈን ነው፤ የወንጂ ልጅ በጥርሱ ይታወቃል እየተባለ። ስንኞቹን ዛሬ አላነብባቸውም። ከዘፋኞቹ አንዱ «በእኛ ጥርስ እኛ እንሣቅ እንጂ አዳራሽ ሙሉ ሰው አይሣቅበት» ብለውኛልና።

ይህ የፈቃድ ጉዳይ ከመቅረጫው ጥራት ይበልጣል። አንድ የጅሌ ሽማግሌ ስለ ቦይ ዘፈን ስጠይቃቸው፣ «ቦዩ ከመምጣቱ በፊት የነበረውን ካልመዘገብህ ይህንንም አትመዝግብ» አሉኝ። ተከራከርሁ፤ ሠራተኞቹም ድኾች ነበሩ አልሁ። «ድኽነታቸውን አልካድሁም» አሉና ዝም አሉ። በዚያ ቀን ምንም ሳልቀርጽ ተመለስሁ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱን ስብስቦች ጎን ለጎን አኖራለሁ፤ የከብት ዘፈኑንና የቦዩን፣ በአንድ ካርታ ላይ። ካርታውም ራሱ አይረጋም። በመተሐራ የበሰቃ ሐይቅ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነበር፤ ዛሬ ከ40 በላይ ነው። ከረዩዎች ከብት ያሰማሩበት የነበረው መስክ ከውሃ በታች ሆኗል። በዘፈን ውስጥ የሚጠራ ሜዳ በእግር የማይደረስበት ሲሆን፣ ስሙን የያዘው ዘፈኑ ብቻ ነው።

ስለ ማቆየት ለተማሪዎቻችን ጥቂት ልበል። ካሴት ያላችሁ ነገ ሳይሆን ዛሬ አስገልብጡ፤ ክሩ ይለቃል፣ ማጫወቻውም ከገበያ ጠፍቷል። ስትገለብጡ ያልተጨመቀ ፋይል ያዙ፤ በሦስት ቦታ፣ አንዱ ከከተማ ውጭ ይቀመጥ። አፋን ኦሮሞውን በቁቤ ጻፉ፤ የእኔን «ለጋ» አትድገሙት። አንድ ቅጂም ለዘፋኙ ቤተ ሰብ ይድረስ። የቀሩት ውሃ አጠጪዎች በዕድሜ የገፉ ናቸው፤ ቦይ መጥረጉም ወደ ማሽን እየዞረ ነው።

ባለፈው ዓመት ከመግቢያዬ የነገርኋችሁን እናት ልጅ አገኘሁ። የእናታቸውን ዘፈን ያውቁታል፤ ነገር ግን ሳሎን ተቀምጠው ሊያዜሙት ሞክረው መሐል ላይ ጠፋቸው። «እሱ ውሃ ይፈልጋል» አሉኝ። ንጋት ላይ ወደ ቦዩ ወረድን። ጫማቸውን አውልቀው እግራቸውን ከተቱና ጀመሩት፤ ስንኙ ሁሉ ወጣ፣ «ለጋ» የሚለው ግን በእሳቸው ዘንድ ሌላ ቃል ሆኗል። በቅጂው ላይ የውሃው ድምፅ ከዘፈኑ እኩል ይሰማል። ባለሙያው ላጽዳው ወይ ሲለኝ፣ ተወው አልሁት።