የስኳር አምሮትና የቆመ ሚዛን፦ ካርቦሃይድሬትን በቀነሰ አመጋገብ ዙሪያ ተረትና እውነታ

ካርቦሃይድሬትን በመቀነስ ክብደትን ለማውረድ የሚደረገው ጥረት «ኪቶ» በሚለው ስም ሰሞነኛ ይምሰል እንጂ የቆየ ታሪክ አለው። የለንደኑ የቀብር አስፈጻሚ ዊልያም ባንቲንግ ዳቦን፣ ስኳርን፣ ቢራንና ድንችን በመተው እንዴት እንደከሳ የሚገልጽ ትንሽ ጽሑፍ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1863 ሲሆን፣ በ1921 የማዮ ክሊኒኩ ሐኪም ራስል ዋይልደር ስብ የበዛበትንና ካርቦሃይድሬት እጅግ ያነሰበትን ምግብ ለሚጥል በሽታ ሕክምና አቅርቦ «ኪቶጄኒክ» ብሎ ሰየመው፤ በ1972 ደግሞ አሜሪካዊው ሮበርት አትኪንስ ተመሳሳይ ሐሳብ የያዘውን መጽሐፉን አሳትሞ ጉዳዩን ከሕክምና ቤት ወደ ገበያ አወጣው። ዛሬ ካርቦሃይድሬትን ይቀንሳሉ የሚባሉት አመጋገቦች እኩል ጥብቅ አይደሉም፤ አንዳንዶቹ በቀን እስከ 130 ግራም ካርቦሃይድሬት ሲፈቅዱ፣ ኪቶ የሚባለው ግን ከ20 እስከ 50 ግራም ባለው መጠን ይወሰናል።

አመጋገቡን የጀመረ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚሰናከለው በሁለት ነገሮች ነው፤ አንደኛው የጣፋጭ አምሮት፣ ሁለተኛው ከጥቂት ወራት በኋላ ክብደቱ አልወርድ ብሎ ባለበት መቆሙ ነው። ስለ ሁለቱም በሰፊው የሚነገረው አስተያየት ወይ ሰውየውን በደካማነት ይወቅሳል፣ ወይ በሰውነቱ ውስጥ ስውር ብልሽት እንዳለ ይጠረጥራል። ጥናቶቹ የሚያሳዩት ግን ሁለቱም የጤነኛ ሰውነት የተለመደ አሠራር ውጤቶች መሆናቸውን ነው፤ ያልተለመዱ የሚያስመስላቸው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚታየው አሳሳች ፍጥነት ነው።

«የመጀመሪያው ሳምንት ፍጥነት የአመጋገቡ እውነተኛ ፍጥነት ነው»

ሰውነት ከምግብ ያገኘውን ግሉኮስ፣ ማለትም በደም ውስጥ የሚዘዋወረውን ቀላል ስኳር፣ ሁሉንም ወዲያውኑ አይጠቀምበትም፤ የተወሰነውን ግላይኮጅን በተባለ መልክ በጉበትና በጡንቻ ውስጥ ያጠራቅመዋል። የአንድ አዋቂ ሰው ክምችት በጥቅሉ 500 ግራም ገደማ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ግራም 3 ግራም ያህል ውሃ ይዞ ይቀመጣል። ካርቦሃይድሬት ሲቀነስ ይህ ክምችት በጥቂት ቀናት ውስጥ ስለሚመናመን አብሮት የነበረው ውሃ በሽንት ይወጣል፤ በዚያ ላይ ኢንሱሊን የተባለው ሆርሞን ዝቅ ሲል ኩላሊት ጨውን ከወትሮው አብዝቶ ስለሚያስወግድ ተጨማሪ ውሃ ጨውን ተከትሎ ይሄዳል። በእነዚህ ቀናት የሚሰማው ራስ ምታት፣ ድካምና መፍዘዝ በአመዛኙ ከዚሁ የውሃና የጨው መጉደል የሚመጣ ነው፤ «መርዝ እየወጣ ነው» የሚለው ትርጓሜ መሠረት የለውም።

ስለዚህ በመጀመሪያው ሳምንት ሚዛኑ 2 ወይም 3 ኪሎ ግራም ቢወርድ አብዛኛው ውሃ ነው። ይኸው ሂሳብ በተቃራኒውም ይሠራል፤ በድግስ ቀን እንጀራና ዳቦ የበላ ሰው በማግስቱ አንድ ኪሎ ተኩል ጨምሮ ቢያገኘው የተመለሰው ውሃ እንጂ ስብ አይደለም፤ ምክንያቱም 1 ኪሎ ግራም የሰውነት ስብ 7,700 ካሎሪ ገደማ ስለሚይዝ፣ ያን ያህል ስብ በአንድ ቀን ለማከማቸት ሰውየው ከፍጆታው በላይ ከ11,000 ካሎሪ የበለጠ መብላት ነበረበት። ይህን ያልተረዳ ሰው «አንድ ቀን አጥፍቼ የወር ልፋቴን አፈረስኩት» ብሎ አመጋገቡን ይተወዋል፤ ብዙ ጥረት የሚቋረጠው በእውነተኛ ጥፋት ሳይሆን በዚህ ዓይነት የተሳሳተ ንባብ ሳይሆን አይቀርም።

«ስኳር የሚያምረው ሰውነት ስለጎደለው ነው»

ይህ እምነት ከአንድ ትክክለኛ ቁጥር የተነሣ ስህተት ነው። የአዋቂ ሰው አንጎል በተለመደው አመጋገብ በቀን 120 ግራም ገደማ ግሉኮስ ይጠቀማል፤ ከዚህ ግን ያ ሁሉ ግሉኮስ ከማዕድ መምጣት አለበት ማለት አይከተልም። ጉበት ከፕሮቲን ክፍልፋዮችና የስብ አካል ከሆነው ግሊሰሮል አዲስ ግሉኮስ ይሠራል፤ ከስብም ኪቶን የተባሉትን፣ አንጎል በግሉኮስ ምትክ ሊጠቀምባቸው የሚችላቸውን ውሁዶች ያመርታል። ኦሊቨር ኦወን፣ ጆርጅ ካሂልና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1967 ባሳተሙት ጥናት፣ ለሳምንታት ከምግብ የተከለከሉ ሰዎች አንጎል የሚበዛውን ኃይሉን ከኪቶን እንደሚያገኝ አሳይተዋል።

«ቸኮሌት ያማረው ሰው ማግኒዚየም አንሶታል» የሚለውም ተመሳሳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 ዊላ ሚችነርና ፖል ሮዚን ይህን በቀጥታ ፈተኑት፤ ቸኮሌት ላማራቸው ሰዎች በተለያየ ጊዜ የወተት ቸኮሌት፣ ካካዎ ዱቄት የሌለበት ነጭ ቸኮሌትና የካካዎ ዱቄት የታሸገበት እንክብል ሰጧቸው። አምሮቱን ይበልጥ ያረካው የወተት ቸኮሌቱ ሲሆን ነጩም በከፊል አስታግሶታል፤ የካካዎን ንጥረ ነገሮች የያዘው እንክብል ግን ምንም ከሌለው እንክብል የተሻለ ውጤት አላሳየም። ሰዎቹ የፈለጉት ጣዕሙን፣ ሽታውንና በአፍ ውስጥ መቅለጡን እንጂ ማዕድኑን አልነበረም።

አምሮት እንግዲህ ባብዛኛው የተለማመዱት ነገር ነው። ዘወትር በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ቦታና ከአንድ ሽታ ጋር ጣፋጭ የሚቀርብለት ሰው፣ ሰዓቱና ሽታው ብቻቸውን አምሮቱን ይቀሰቅሱበታል፤ ሻይን ሁለት ማንኪያ ስኳር ሳይጨምር የማያውቅ፣ ወይም ቡና ሲፈላ ዳቦና ፈንዲሻ የለመደ ሰው ሳይርበው ምራቁ የሚመጣው በዚህ ምክንያት ነው። የተለመደ ነገር ደግሞ ሊረሳ ይችላል። ለሁለት ዓመት የተካሄደ አንድ የአሜሪካ ጥናት እንዳሳየው፣ ካርቦሃይድሬትን የቀነሱት ተሳታፊዎች ለካርቦሃይድሬት ምግቦች የነበራቸው አምሮት እየቀነሰ እንጂ እየባሰ አልሄደም፤ ይህም «የተከለከለ ነገር አምሮቱ ማብቂያ የለውም» የሚለውን አባባል የሚቃረን ነው።

«ስኳር እንደ አደንዛዥ ዕፅ ሱስ ያስይዛል» የሚለው አባባል መነሻው በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ባርት ሆብል፣ ኒኮል አቬናና ባልደረቦቻቸው በአይጦች ላይ ያደረጉት ሙከራ ነው። አይጦቹ በየቀኑ ለ12 ሰዓት ያህል ምግብ ተከልክለው ከዚያ የስኳር ውሃ ሲሰጣቸው ያለ ልክ የመጠጣትና ሲነፈጉም የመረበሽ ጠባይ አሳይተዋል፤ ሆኖም ስኳሩን ቀኑን ሙሉ እንዳሻቸው ያገኙት አይጦች ይህን አላሳዩም። ጥብቅ ክልከላንና ድንገተኛ ልቅነትን የሚያፈራርቅ ሰው ከዚህ የሚማረው ነገር አለ፤ በሰው ላይ ግን ስኳር በራሱ እንደ ኮኬይን ሱስ እንደሚሆን የሚያረጋግጥ በቂ ማስረጃ አልቀረበም።

የእንቅልፍ ነገር ከሚገባው በታች ይወራል። በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ካሪን ስፒገልና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተሙት ጥናት፣ 12 ጤነኛ ወጣት ወንዶች ለሁለት ሌሊት በአልጋ ላይ 4 ሰዓት ብቻ እንዲቆዩ ሲደረግ፣ 10 ሰዓት ከተፈቀደላቸው ጊዜ ጋር ሲነጻጸር ረሃብን የሚቀሰቅሰው ግሬሊን የተባለው ሆርሞን በ28 በመቶ ጨምሮ፣ ጥጋብን የሚያሳውቀው ሌፕቲን በ18 በመቶ ቀንሶ ተገኝቷል፤ ፍላጎታቸውም በተለይ ወደ ጣፋጭ፣ ጨዋማና ስታርች ወደበዛባቸው ምግቦች አዘነበለ። ጥናቱ ትንሽ ቢሆንም፣ ማታ አምሽቶ ጠዋት በጣፋጭ አምሮት ራሱን የሚወቅስ ሰው ጥፋቱን ከፈቃዱ ድክመት ይልቅ ከእንቅልፉ ቢፈልገው እንደሚሻል ይጠቁማል። ለ15 ደቂቃ ፈጠን ብሎ መራመድም የጣፋጭ አምሮትን ለጊዜው እንደሚያበርድ በሙከራ ታይቷል።

ማር «ተፈጥሯዊ» በመሆኑ ከስኳር ይለያል የሚለው አስተሳሰብ በቁጥር ፊት አይቆምም፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር 17 ግራም ያህል ስኳር ስለሚይዝ፣ በቀን 20 ግራም ካርቦሃይድሬት ለወሰነ ሰው ኮታውን ሊጨርሰው ምንም አይቀረው። የዓለም ጤና ድርጅትም ማርን መገደብ ካለባቸው ስኳሮች ይመድበዋል። ያው ድርጅት እ.ኤ.አ. በግንቦት 2023 ባወጣው መመሪያ፣ የስኳር በሽታ የሌለባቸው ሰዎች ክብደትን ለመቆጣጠር በስኳር ምትክ በሚገቡ ማጣፈጫዎች እንዳይመኩ መክሯል።

«ሚዛኑ የቆመው ሜታቦሊዝም ስለተበላሸ ነው»

ብዙ ሰው ክብደት በየሳምንቱ በእኩል መጠን መውረድ አለበት ብሎ የሚጠብቀው፣ ማክስ ዊሽኖፍስኪ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1958 ካሰላው ስሌት የተነሣ ነው፤ በዚያ ስሌት መሠረት የ3,500 ካሎሪ ጉድለት አንድ ፓውንድ፣ ማለትም 450 ግራም ገደማ፣ ይቀንሳል። ስሌቱ የሰውነት ስብ ምን ያህል ኃይል እንደሚይዝ ሲናገር ከእውነት አይርቅም፤ የሚሳሳተው ሰውነት እየቀነሰ ሲሄድ ፍጆታውም እንደሚቀንስ ስለማያስገባ ነው። ኬቪን ሆልና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2011 ባቀረቡት የሂሳብ ሞዴል እንዳሳዩት፣ ክብደት የሚወርደው በቀጥታ መስመር ሳይሆን እየዘገየ በሚሄድ ጎባጣ መስመር ነው።

ይበልጥ የሚያስደንቀው ሆልና ዴቪድ ፖሊዶሪ በ2016 ያሳተሙት ግምት ነው። በዚያ መሠረት አንድ ሰው በቀነሰው በእያንዳንዱ ኪሎ ግራም የቀን የኃይል ፍጆታው ከ20 እስከ 30 ካሎሪ ሲወርድ፣ የምግብ ፍላጎቱ ግን በቀን 100 ካሎሪ ያህል ይጨምራል። ስለዚህ 10 ኪሎ የቀነሰ ሰው ፍጆታው በቀን ከ200 እስከ 300 ካሎሪ ሲቀንስ፣ ፍላጎቱ ወደ 1,000 ካሎሪ ገደማ ከፍ ብሎ ይገፋዋል፤ ሚዛኑን የሚያቆመው ዋናው ኃይል የተዳከመ ሜታቦሊዝም ሳይሆን የበረታ የምግብ ፍላጎት ነው ማለት ነው። ፍላጎቱ ደግሞ ሁልጊዜ እንደ ረሃብ አይሰማም፤ ጭልፋው ሳይታወቅ ትንሽ ይሞላል፣ ለውዙ ከአንድ እፍኝ ወደ ሁለት ይሻገራል፣ የቅቤው ማንኪያ ይከመራል። በብዙ ሙከራዎች ክብደት የሚቆመው ከ6 እስከ 8 ወር ባለው ጊዜ ነው፤ በሆል ሞዴል ግን የመጀመሪያውን ልክ ሳያዛንፍ የጠበቀ ሰው ክብደቱ ከዚያ በጣም ዘግይቶ ነበር መቆም የነበረበት።

ይህ ሰዎችን ውሸታም ማለት አይደለም። ስቲቨን ሊክትማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተሙት ጥናት «በትንሽ ምግብ እንኳ አልቀንስም» የሚሉ 10 ሰዎችን ሲመረምሩ የኃይል ፍጆታቸው ከሚጠበቀው የተለየ እንዳልሆነ፣ ነገር ግን የሚበሉትን በአማካይ በ47 በመቶ አሳንሰው፣ እንቅስቃሴያቸውን ደግሞ በ51 በመቶ አጋነው እንደሚገምቱ አረጋግጠዋል። ከእጅ በሚጎረስበትና ከአንድ ትሪ በጋራ በሚበላበት ማዕድ ላይ መጠንን መገመት ከዚህም የሚከብድ ይመስላል።

«ሰውነት ሲራብ ስቡን አልሰጥም ይላል» የሚለው አባባል ውስጥ የእውነት ፍንጭ ቢኖርም የተጋነነ ነው። አንሰል ኪስ እ.ኤ.አ. በ1944 እና 1945 በሚኔሶታ ዩኒቨርሲቲ በመራው ሙከራ 36 ፈቃደኛ ወንዶች ለ24 ሳምንት ግማሽ ያህል ምግብ ብቻ ሲያገኙ የኃይል ፍጆታቸው በእጅጉ ወርዷል፤ ሆኖም ከክብደታቸው አንድ አራተኛ ያህሉን ከማጣት አላዳናቸውም። በአሜሪካ በቴሌቪዥን የተላለፈ የክብደት መቀነስ ውድድር 14 ተሳታፊዎች ከስድስት ዓመት በኋላ ሲመረመሩም በዕረፍት ጊዜ የሚጠቀሙት ኃይል ከሚጠበቀው በቀን 500 ካሎሪ ገደማ ያነሰ ነበር፤ ሆኖም ፍጆታቸው ይበልጥ የወረደው ክብደቱ የተመለሰባቸው ሳይሆኑ የቀነሱትን ጠብቀው የቆዩት መሆናቸው «ተበላሸ» የሚለውን ንግግር አጠራጣሪ ያደርገዋል።

በተግባር፣ የሁለት ሳምንት ዝምታ ክብደት ቆሟል ለማለት አይበቃም። ጨው፣ የሆድ ድርቀት፣ የወር አበባ ዑደትና አዲስ የተጀመረ ከባድ ስፖርት ውሃን በሰውነት ስለሚይዙ የስቡን መቀነስ ሊሸፍኑት ይችላሉ፤ አራት ሳምንት ያህል ጠብቆ የወገብን ዙሪያ አብሮ መለካት የተሻለ ፍርድ ይሰጣል። ከዚያም በኋላ ካልተንቀሳቀሰ የሚበላውን ለጥቂት ቀናት በሚዛን መዝኖ መመዝገብ፣ ፕሮቲንን አለመቀነስና ጡንቻን የሚጠብቅ የክብደት ማንሳት እንቅስቃሴ መጨመር «ሜታቦሊዝም ቀስቃሽ» ተብለው ከሚሸጡ ሻዮች የበለጠ ፋይዳ አላቸው።

«ካርቦሃይድሬት እስካልተበላ ድረስ ስብ አያወፍርም»

አንድ ግራም ስብ 9 ካሎሪ፣ አንድ ግራም ካርቦሃይድሬት ወይም ፕሮቲን 4 ካሎሪ ይሰጣል፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ቅቤ ብቻውን 100 ካሎሪ ገደማ ነው። ቡናን በቅቤ መጠጣት በኢትዮጵያ በአንዳንድ አካባቢዎች የቆየ ባህል ሲሆን፣ በቅርብ ዓመታት ከአሜሪካ የክሳት ዘዴ ተብሎ ተመልሶ መጥቷል፤ በሽንት ወይም በደም የሚለካው ኪቶን ከፍ ቢል ግን የተቃጠለው የሰውነት ስብ ይሁን ከስኒው የገባው ቅቤ መለኪያው አይለይም። እ.ኤ.አ. በ2018 ክሪስቶፈር ጋርድነር በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ በመራው፣ 609 ሰዎችን ለአንድ ዓመት ባሳተፈ ሙከራ፣ ካርቦሃይድሬት የቀነሱት በአማካይ 6.0፣ ስብ የቀነሱት 5.3 ኪሎ ግራም ወርደዋል፤ ልዩነቱም በስታቲስቲክስ ረገድ ትርጉም ያለው አልነበረም።

ጤፍም በዚህ ዙሪያ የራሱ ተረት አለው። ግሉተን የስንዴና የገብስ ፕሮቲን እንጂ ካርቦሃይድሬት ስላልሆነ፣ ጤፍ ከግሉተን ነፃ መሆኑ ካርቦሃይድሬት ያነሰው አያደርገውም፤ 100 ግራም የጤፍ ዱቄት ከ70 ግራም በላይ ካርቦሃይድሬት ይይዛል። ሥጋ፣ እንቁላልና ወተት በማይበሉባቸው የጾም ወራት ደግሞ ሽሮና ምስርም ካርቦሃይድሬት ስላላቸው፣ ለጾመኛ 20 ግራም ላይ መቆም ከሞላ ጎደል የማይቻል ነው፤ የእንጀራውን መጠን አሳንሶ ጎመኑንና ጥራጥሬውን ማብዛት ለእንዲህ ያለው ሰው የሚዘልቅ መንገድ ነው።

አምሮት ሁሉ ልማድ ነው የሚለው ፍርድ የማይሠራበት አንድ ሁኔታ አለ። ኢንሱሊን ወይም እንደ ግሊቤንክላማይድ ያለ መድኃኒት የሚወስድ የስኳር ታማሚ መድኃኒቱ ሳይስተካከል ካርቦሃይድሬቱን ቢቀንስ የደም ስኳሩ ከመጠን በታች ሊወርድ ይችላል፤ ድንገተኛ የጣፋጭ ፍላጎት ከላብ፣ ከመንቀጥቀጥና ከልብ ምት መፍጠን ጋር ሲመጣ የሚታገሉት አምሮት ሳይሆን አደጋ ነው። መለኪያው ከ70 ሚሊ ግራም በዴሲሊትር በታች ካሳየ 15 ግራም ያህል ፈጣን ስኳር ወስዶ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና መለካት ያስፈልጋል። ኢምፓግሊፍሎዚንና ዳፓግሊፍሎዚን የተባሉትን የስኳር በሽታ መድኃኒቶች የሚወስዱ ሰዎች ደግሞ በጥብቅ ኪቶ ላይ ሲሆኑ፣ የደም ስኳራቸው ብዙም ሳይጨምር ደማቸው በኪቶን የሚመረዝበት ኪቶአሲዶሲስ የተባለ አጣዳፊ ሕመም ሊያገኛቸው ስለሚችል፣ አመጋገቡን ከመጀመራቸው በፊት ከሐኪማቸው ጋር መመካከር አለባቸው።