ወጪን ቁጠባ የሚያስመስለው ገበያ

በዲጂታል የጌም መደብር የሚሸጥ ዕቃ መጋዘን አይፈልግም፣ አያረጅም፣ ተሽጦም አያልቅም። የአንድን ሰይፍ ወይም ልብስ ምስል የሠራው ባለሙያ ደመወዙን ከተቀበለ በኋላ ኩባንያው ያንኑ ምስል ለአንድ ሰውም ሆነ ለአንድ ሚሊዮን ሰው ቢሸጥ የሚጨምርበት ወጪ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ስለዚህ ዋጋውን የሚቆርጠው የማምረቻው ወጪ ሳይሆን የገዢው ስሜት ነው፦ በዚያች ደቂቃ ዕቃውን ምን ያህል ፈልጎታል፣ ምን ያህልስ ለመክፈል ይደፍራል? የመደብሩ አሠራር ከገንዘቡ ስም ጀምሮ እስከ መግዣ ቁልፉ አቀማመጥ ድረስ ያችን ደቂቃ ለማመቻቸት የተሰናዳ ነው።

የዚህ ንግድ ታሪክ ሲወራ የፈረስ ጥሩር መነሣቱ አይቀርም። በ2006 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ቤተስዳ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ «ኦብሊቪየን» በተሰኘው ጨዋታ ውስጥ የተጫዋቹ ፈረስ የሚለብሰውን ጥሩር ለብቻው አውጥቶ ሸጠ። በኤክስቦክስ ላይ ዋጋው 200 የማይክሮሶፍት ነጥብ፣ ሲመነዘር 2.50 ዶላር ነበር። ተጫዋቾች ተሳለቁበት፤ የሚገዛ ግን አልጠፋም። ከጥሩሩ ይበልጥ ልብ ሊባል የሚገባው ነጥቡ ነው። 80 ነጥብ አንድ ዶላር ሲሆን የሚሸጠው በጥቅል ነበር። 500 ነጥብ በ6.25 ዶላር ገዝቶ 200ውን ለጥሩር ያዋለ ሰው 300 ነጥብ ይተርፈዋል። ትራፊው ወደ ገንዘብ አይመለስም፤ ሌላ ነገር ካልተገዛበት ባክኖ ይቀራል። ቀጥሎ ዓይን ውስጥ የገባው ዕቃ 400 ነጥብ ከሆነ ደግሞ ለጎደለው 100 ሲባል ሌላ ጥቅል ይገዛል፣ ከዚያም ላይ እንደገና ይተርፋል። ማይክሮሶፍት ይህን አሠራር በ2013 ትቶ ዋጋውን በየአገሩ ገንዘብ መጻፍ ጀመረ። ሌሎች ግን አልተዉትም። «ፎርትናይት» እና «ሮብሎክስ» በተባሉት ጨዋታዎች የሚሠራባቸው ቪ-ባክስና ሮባክስ የተባሉ ገንዘቦች የዚሁ ሐሳብ ልጆች ናቸው።

ነጥቡ ከሒሳብ ማምታቻነቱ ሌላ የሚሠራው ሥራ አለ። ጥሬ ብር ቆጥሮ መስጠት ይቆረቁራል። ድራዘን ፕሬሌክና ጆርጅ ሎዌንስታይን በ1998 ባወጡት ጥናት ይህን ስሜት «የመክፈል ሕመም» ብለው መርምረውታል፤ መክፈሉ ከማግኘቱ ሲለያይ ሕመሙ ይለዝባል። ፕሬሌክ ከዳንካን ሲሚስተር ጋር በ2001 ያወጣው ሌላ ጥናት ደግሞ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ተማሪዎችን የቅርጫት ኳስ ትኬት አጫርቷል። በክሬዲት ካርድ እንደሚከፍሉ የተነገራቸው ያቀረቡት ዋጋ በጥሬ ገንዘብ እንደሚከፍሉ ከተነገራቸው በእጥፍ ገደማ በልጧል። ትኬቱ ያው ነው፤ የተለየው መክፈያው ብቻ ነው። የጌም መደብር ይህን ርቀት አንድ እርምጃ ያስረዝመዋል፦ ካርዱ ነጥብ ይገዛል፣ ነጥቡ ዕቃ ይገዛል። ዕቃው በሚመረጥበት ሰዓት ገንዘቡ ከሄደ ቆይቷል። የአውሮፓ ኅብረት የሸማቾች ጥበቃ ባለሥልጣናት በመጋቢት 2025 ባወጡት መርሕ በጨዋታ ገንዘብ የተተመነ ዋጋ በእውነተኛው ገንዘብም አብሮ እንዲጻፍ የጠየቁት ያለ ምክንያት አይደለም።

ቀጥሎ የሚመጣው ሰዓት ነው። ተሽጦ የማያልቅን ዕቃ ሊያልቅ የተቃረበ ለማስመሰል አንድ መንገድ ብቻ አለ፦ ከመደርደሪያው ማንሣት። የፎርትናይት መደብር ዕቃዎቹን እየቀያየረ ያቀርባል፤ ዛሬ ያልተገዛው ልብስ መቼ እንደሚመለስ የሚያውቀው ኩባንያው ነው። የኔዘርላንድ የሸማቾችና የገበያዎች ባለሥልጣን በ2024 የፎርትናይትን ባለቤት ኤፒክ ጌምስን ከ1.1 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ቀጥቶታል። አንዱ ምክንያት ወደ ኋላ የሚቆጥረው ሰዓት ዜሮ ከደረሰ በኋላም አንዳንዶቹ ዕቃዎች ከመደብሩ ሳይነሡ መገኘታቸው ነው። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ክስ ደግሞ ከዚህም ወርዶ ስለ ቁልፎች አቀማመጥ ያወራል። በክሱ መሠረት ልብሱን ለማየት ብቻ የፈለገ ተጫዋች አጠገቡ ያለውን ቁልፍ ሲነካ፣ ወይም ጨዋታው ገና እየተከፈተ ሳለ አንድ ቁልፍ ሲጫን ግዢው ይፈጸም ነበር። ኤፒክ በታኅሣሥ 2022 በጠቅላላው 520 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ፤ ከዚህ ውስጥ 245 ሚሊዮኑ ለተጫዋቾች የሚመለስ ነበር።

ቅናሽ ከሰዓቱ ጋር ተጣምሮ ይሠራል። የቫልቭ ኩባንያ ንብረት የሆነው ስቲም በ2003 የተከፈተ የኮምፒውተር ጨዋታዎች መደብር ነው፤ በበጋና በክረምት የሚያካሂዳቸው ቅናሾች እንደ በዓል ይጠበቃሉ። የተሰረዘው የቀድሞ ዋጋ ከአዲሱ ጎን ስለሚታይ ገዢው የሚያሰላው ያወጣውን ሳይሆን «ያተረፈውን» ነው። ለጥቂት ሰዓት ብቻ የሚቆይ የብልጭታ ቅናሽም ነበረ። በ2015 ስቲም ከሁለት ሰዓት በታች የተጫወቱትን ጨዋታ በ14 ቀን ውስጥ መመለስ ፈቀደ፤ የብልጭታ ቅናሾቹም በዚያው ዓመት ቀሩ። መመለስ ሲፈቀድ ማስቸኮል ጉልበቱን ያጣል።

እስካሁን የተነገረው በማንኛውም ሱቅ ሊገኝ ይችላል። ጌምን ከሌላው ንግድ የሚለየው ሳጥኑ ነው። ቫልቭ በ2010 «ቲም ፎርትረስ 2» በተባለው ጨዋታው ውስጥ የተቆለፉ ሳጥኖችን አስገባ። ሳጥኑ በነፃ ይገኛል፤ መክፈቻ ቁልፉ 2.49 ዶላር ነው። ይኸው አሠራር በ2013 ወደ «ካውንተር-ስትራይክ» ተሻገረ፤ ከሳጥኑ የሚወጣውም የመሣሪያ ጌጥ፣ ተጫዋቾች «ስኪን» የሚሉት፣ ሆነ። ስኪን ጥይቱን አያበረታውም፣ ዒላማውንም አያቀናም፤ ቀለም ነው። ሳጥኑ ሲከፈት በማያ ገጹ ላይ የስኪኖች ረድፍ ይሮጣል፣ እየተንቀራፈፈ ይመጣል፣ የብርቅዬው ሽልማት ምልክት የሆነው ወርቃማ ቢላ ከመሐለኛው መስመር አጠገብ ይደርስና ያልፋል፣ ረድፉም ርካሽ ሰማያዊ ጠመንጃ ላይ ይቆማል። ተጫዋቹ «ለጥቂት አመለጠኝ» ይላል። ያመለጠው ነገር ግን የለም። ውጤቱን የሚወስነው የኮምፒውተር ዕጣ ነው፤ የሚሮጠው ረድፍ ለዓይን የተዘጋጀ ትርዒት ነው።

ትርዒቱ በከንቱ አልተዘጋጀም። ሉክ ክላርክና ባልደረቦቹ በ2009 ባወጡት የአንጎል ምስል ጥናት ቁማር ላይ «ለጥቂት» መሸነፍ ድል በሚመጣበት ጊዜ የሚነቁትን የአንጎል ክፍሎች እንደሚያነቃ አሳይተዋል። ሰዎቹ ስሜቱን ደስ የማይል ነው ቢሉም እንደገና የመሞከር ፍላጎታቸው ይጨምር ነበር። ከዚያ በፊት ቻርልስ ፈርስተርና ቢ. ኤፍ. ስኪነር በ1957 ባሳተሙት ትልቅ ሥራ እንስሳት ሽልማታቸው በስንተኛው ሙከራ እንደሚመጣ ካላወቁ ሳይታክቱ እንደሚሞክሩ፣ ሽልማቱ ከተቋረጠም በኋላ ቶሎ እንደማይተዉ በሰፊው መዝግበዋል።

የዕጣው መጠን ለረጅም ጊዜ የኩባንያው ምስጢር ነበር። ቻይና በ2017 ኩባንያዎች ዕድሉን በቁጥር እንዲያሳውቁ ስታስገድድ የካውንተር-ስትራይክ ሳጥን ውስጡ ታየ፦ ዝቅተኛው ደረጃ 79.92 በመቶ፣ ተከታዩ 15.98፣ ሦስተኛው 3.2፣ «ቀይ» የሚባለው 0.64፣ ቢላና ጓንት የሚገኙበት ደግሞ 0.26 በመቶ። 0.26 በመቶ ማለት ከ385 ሳጥን በአማካይ አንድ ነው፤ ለቁልፍ ብቻ ወደ 960 ዶላር ይጠይቃል። «በአማካይ» የሚለው ቃል ራሱ ያሳስታል። 385 ሳጥን የከፈቱ መቶ ሰዎች ቢሰበሰቡ 37 ያህሉ አንድም ቢላ ሳያገኙ ይመለሳሉ፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ ዕጣ አዲስ ነው፣ ሳጥኑ የቀድሞውን ኪሳራ አያስታውስም። ሎተሪ አዟሪ ቢያንስ የሚሸጠው ሎተሪ መሆኑን ጮኾ ይናገራል።

ሳጥኑ ብቻውን ቢሆን ኖሮ ብዙ ሰው ከጥቂት ሙከራ በኋላ በተወው ነበር። እንዳይተወው ያደረገው ገበያው ነው። ቫልቭ በታኅሣሥ 2012 ተጫዋቾች ዕቃቸውን እርስ በርስ የሚሸጡበትን የስቲም ኮሚኒቲ ገበያ ከፈተ። በዚያው ዓመት የኩባንያው ቅጥር ኢኮኖሚስት ያኒስ ቫሩፋኪስ ነበር፤ በኋላ የግሪክ የገንዘብ ሚኒስትር የሆነው ሰው። ገበያው ከመጣ ወዲህ ዕቃው ዋጋ ያለው ንብረት መሰለ። «ቢያስጠላኝ እሸጠዋለሁ» የሚለው ሐሳብ ወጪውን ወደ ቁጠባ ይለውጠዋል፤ ቢያንስ በገዢው ጭንቅላት ውስጥ።

በተግባር የሚሆነው ሌላ ነው። ካውንተር-ስትራይክ ላይ ገዢ 11.50 ዶላር ሲከፍል ሻጭ የሚደርሰው 10 ዶላር ነው። 50 ሳንቲሙ የስቲም፣ አንድ ዶላሩ የጨዋታው ኮሚሽን ነው፤ ሁለቱም እዚህ ላይ ቫልቭ ናቸው። አንድ ቢላ በ115 ዶላር ሰባት ጊዜ እጅ ቢቀያየር የሚሰበሰበው ኮሚሽን 105 ዶላር ይሆናል፤ አንዱ ሻጭ በእጁ ከሚገባው 100 ዶላር ይበልጣል። በትንሹ ዕቃ ላይ ደግሞ ነገሩ ያስቃል። ስቲም ጨዋታ ለገዙ ሰዎች የሚያድላቸው የመሰብሰቢያ ካርዶች አሉ፤ በመጫወት የሚገኘው የስብስቡ ግማሽ ያህል ሲሆን ቀሪው ከሌላ ተጫዋች መገዛት ወይም መለዋወጥ አለበት። በገበያው ዝቅተኛው ዋጋ 3 ሳንቲም ነው። ከዚያ ላይ ሻጩ 1 ሳንቲም ሲያገኝ ሁለቱ ሳንቲም ኮሚሽን ነው። ሻጩም ያገኘውን ወደ ባንክ ሊያወጣው አይችልም። የስቲም ቦርሳ መግቢያ እንጂ መውጫ የለውም፤ «ትርፉ» ሌላ ጨዋታ ወይም ሌላ ቁልፍ ይገዛል። ገንዘቡን ማውጣት የሚፈልጉ ወደ ውጭ ድረ ገጾች ሄዱ፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ ስኪንን እንደ ቁማር መያዣ ስለተጠቀሙበት ቫልቭ በ2016 እንዲያቆሙ ደብዳቤ ጻፈላቸው።

ሰው የያዘውን ነገር ካልያዘው አብልጦ እንደሚተምን በ1990 ዳንኤል ካነማንና ባልደረቦቹ በተራ የቡና ኩባያ ፈትነዋል። ኩባያውን የተሰጣቸው ሰዎች ለመሸጥ የጠየቁት 7 ዶላር ገደማ ሲሆን ያልተሰጣቸው ለመግዛት ያቀረቡት 3 ዶላር ገደማ ነበር። የስኪን ባለቤትም በጓዳው የደረደረው ዕቃ ከገበያው ዋጋ በላይ ይመስለዋል። ንብረቱ ግን የኩባንያው ውሳኔ እስረኛ ነው። በጥቅምት 2025 ቫልቭ አምስት ቀይ ስኪኖችን በአንድ ቢላ ወይም ጓንት መለወጥ ፈቀደ። በሰዓታት ውስጥ የቢላዎች ዋጋ ተንኮታኮተ፣ የቀይ ስኪኖች ዋጋ ተተኮሰ፤ በገበያ ተከታታዮች ግምት ከጠቅላላው ዋጋ ላይ ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ ተነነ። ያስፈለገው አንድ የጨዋታ ማሻሻያ ብቻ ነበር።

ሌላው መንገድ ከዕጣ ይልቅ ጉዞን ይሸጣል። «ባትል ፓስ» የሚባለው ክፍያ ለተወሰነ ወቅት የሚቆይ የሽልማት መሰላል ይከፍታል፤ ያልተወጣ ደረጃ ሽልማቱ ያመልጣል፣ የቸኮለም ደረጃውን በገንዘብ ይገዛል። ጆሴፍ ኑነስና ዣቪዬ ድሬዝ በ2006 የጀመሩትን የመጨረስ ጠባይ በመኪና እጥበት ቤት ፈትነውታል። ለአንዱ ቡድን ስምንት ማኅተም የሚፈልግ ካርድ፣ ለሌላው ደግሞ አሥር የሚፈልግ ነገር ግን ሁለቱ አስቀድሞ የተመቱበት ካርድ ሰጡ። ሁለቱም ስምንት መታጠብ ይጠይቃሉ፤ ካርዱን የሞሉት ግን ከመጀመሪያው ቡድን 19 በመቶ፣ ከሁለተኛው 34 በመቶ ነበሩ። የተጀመረ ነገር ይጎትታል። ቫልቭ «ዶታ 2» ለተባለው ጨዋታው ይሸጠው ከነበረው ፓስ 25 በመቶውን ለዓመታዊው ውድድር ሽልማት ሲያውል የ2021ዱ ሽልማት ከ40 ሚሊዮን ዶላር አለፈ። ሩብ ብቻ ይህን ያህል ከሆነ ሽያጩ ከ150 ሚሊዮን በላይ ነበር ማለት ነው።

ገበያ ለጨዋታው ራሱ የማይበጅበት ጊዜም አለ። ብሊዛርድ በ2012 በ«ዲያብሎ 3» ውስጥ ዕቃ በእውነተኛ ገንዘብ የሚሸጥበትን የጨረታ ቤት ከፈተ፤ በመጋቢት 2014 ግን ዘጋው። ጭራቅ ገድሎ መሣሪያ ማግኘት የጨዋታው ነፍስ ነበር። መሣሪያው ከጨረታ ቤቱ በቀላሉ ሲገኝ ጭራቁን ማሳደድ ትርጉም አጣ። ኩባንያው ይህን በግልጽ አምኖ መዝጋቱ በዚህ ዘርፍ ብዙም የማይታይ ነው።

ክፍያው በሁሉም ላይ እኩል አይወድቅም። ስወርቭ የተባለው ተንታኝ ድርጅት በ2014 በነፃ የሚጫወቱ የስልክ ጨዋታዎችን መርምሮ ከገቢው ግማሹ ከተጫዋቾቹ 0.15 በመቶ እንደሚመጣ አግኝቷል። እነዚህ ሰዎች ሁሉ ሀብታሞች አይደሉም። ዴቪድ ዜንድልና ፖል ኬርንስ በ2018 ባወጡት ጥናት አንድ ሰው በቁማር ይበልጥ በተቸገረ መጠን ለዕጣ ሳጥን የሚያወጣው ገንዘብም እንደሚጨምር ታይቷል። ሳጥኑ ቁማርተኛ ያደርግ እንደሆነ ወይስ ቁማርተኛን ይስብ እንደሆነ ይህ ጥናት አይለይም፤ በሁለቱም መንገድ ግን ገቢው የሚሰበሰበው ከተጎዳ ሰው ነው።

ሕጉ አንድ ቋንቋ አይናገርም። ጃፓን ስብስብ ሲሞላ ብቻ የሚሸልመውን የዕጣ ዓይነት በ2012 ከለከለች። ቤልጅየም በ2018 በገንዘብ የሚከፈት የዕጣ ሳጥንን ቁማር ብላ አገደች፤ ኔዘርላንድ ኤሌክትሮኒክ አርትስ በተባለው የጌም ኩባንያ ላይ የጣለችው 10 ሚሊዮን ዩሮ ቅጣት ግን በ2022 በከፍተኛው የአስተዳደር ፍርድ ቤት ተሻረ። በፈረንሳይ ቫልቭ ከ2019 ጀምሮ ቁልፍ ከመገዛቱ በፊት የሳጥኑን ይዘት የሚያሳይ መመርመሪያ አስገብቷል። ሌላ ሳጥን ለመመርመር ግን መጀመሪያ የታየውን ዕቃ መግዛት ግዴታ ነው። ዕጣው አልቀረም፤ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ተገፋ እንጂ።

የኩባንያው የራሱ የመመለሻ ደንብም ወሰን አለው፦ ስቲም በራሱ በቫልቭ ጨዋታዎች ውስጥ የተገዛን ዕቃ በ48 ሰዓት ውስጥ መመለስ ይፈቅዳል፤ ሳጥን የከፈተ ቁልፍ ግን እንደተበላ ስለሚቆጠር ገንዘቡ አይመለስም።