ቁልቁለት የሚገድለው ሞተር

በደቡብ ጎንደር ጋይንት፣ ነፋስ መውጫ ውስጥ አንድ አሮጌ ያማሃ እየቆራረጠና ሰማያዊ ጭስ እየተፋ ጋራዥ በር ላይ ሲቆም፣ ነገሩ የገባው ሜካኒክ የካንዴላ መፍቻውን ከማንሳቱ በፊት ባለሞተሩን «ከየት ነው የመጣኸው?» ብሎ ይጠይቃል። ከወረታ ሽቅብ የወጣ ሞተርና ከስማዳ ቆላ የመጣ ሞተር ድምፃቸው ቢመሳሰልም ሕመማቸው ለየቅል ሊሆን ይችላል። መልሱን ሳይሰሙ ሞተር መፍታት ብሎን ማላላት ብቻ ነው።

ያማሃው ባለ ሁለት ምት ነው፤ በጋራዥ ቋንቋ ቱ ስትሮክ። የግብርናና የጤና ቢሮ ሠራተኞችን፣ የእርዳታ ድርጅት ባለሙያዎችን በገጠር መንገድ ለዓመታት ያመላለሱት ኤጂ 100 እና ዲቲ 125 የዚህ ወገን ናቸው። ኤጂ 100 ከመነሻው ለእርሻ ሥራ የተሠራ ነው፤ ሰንሰለቱ በሽፋን ተዘግቷል፣ ከፊትም ከኋላም ዕቃ መጫኛ አለው፣ ሞተሩ 97 ሲሲ ብቻ ነው። ጋይንትና ስማዳ በ1997 ዓ.ም. በተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም የታቀፉ ወረዳዎች ናቸው፤ መኪና በማይደርስበት ቀበሌ ሁሉ መዝጋቢ፣ ተቆጣጣሪና ክትባት ይዞ የሚሄድ ሰው ያስፈልጋል። እንዲህ ያለውን ሥራ ሲሸከም የኖረው ሞተር ሳይክል ነው።

የቱ ስትሮክ ሞተር የዘር ሐረግ ሩቅ ነው። ዛሬ የምናውቀውን ቀላል ባለ ሁለት ምት ሞተር በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ የቀመረው በእንግሊዝ አገር የባዝ ከተማው ጆሴፍ ዴይ ነው። በኋላ ጀርመኖች አሳመሩት፤ ዲካቬ የሚባለው ፋብሪካ በዚሁ ሞተር ከዓለም ትልልቅ የሞተር ሳይክል አምራቾች አንዱ ለመሆን በቃ። ያማሃ እ.ኤ.አ. በ1955 ለመጀመሪያ ጊዜ ያወጣው ሞተር ሳይክልም የዲካቬን ባለ 125 ሲሲ ሞዴል የተከተለ ነበር። ስለዚህ ጋይንት ላይ የሚያስለው ጃፓናዊ ሞተር በአያቱ በኩል ጀርመናዊ ነው ማለት ይቻላል።

አሠራሩ እንደ ማስቸገሩ ሳይሆን ቀላል ነው። ባለ አራት ምት ሞተር ፒስተኑ ሁለት ጊዜ ወጥቶ ሁለት ጊዜ ሲወርድ አንድ ጊዜ ያቀጣጥላል፤ ባለ ሁለት ምቱ ግን በእያንዳንዱ ዙር ያቀጣጥላል። ቴስታታው ላይ ቫልቭ የሚባል ነገር የለም። ፒስተኑ ሽቅብ ሲወጣ ከላይ ያለውን ቅልቅል ይጨምቃል፣ ከሥሩ ደግሞ አዲስ አየርና ቤንዚን ከካርቡሬተሩ ወደ ሞተሩ ሆድ ይስባል። ካንዴላው ሲያቀጣጥል ፒስተኑ ቁልቁል ይወርዳል፤ ሲወርድ በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ያለውን የጭስ መውጫ መስኮት መጀመሪያ ይከፍታል፣ ቀጥሎ አዲሱ ቅልቅል የሚገባበትን። አዲሱ አሮጌውን ገፍቶ ያስወጣዋል፤ ከፊሉ አዲስ ቤንዚንም ሳይቃጠል አብሮ ይወጣል። ቤንዚን የሚበላውና የሚጨሰው ለዚህ ነው።

አንድ ነገር ግን ልብ ይሏል። የሞተሩ ሆድ ቅልቅሉ የሚያልፍበት መንገድ በመሆኑ እንደ መኪና ዘይት ሊጠራቀምበት አይችልም። ብሮንዚናውን፣ ኩሽኔታውንና ፒስተኑን የሚያለሰልሰው ዘይት ከቤንዚኑ ጋር ገብቶ፣ ሥራውን ሠርቶ፣ ተቃጥሎ ይወጣል። በያማሃው ትንሽ ፓምፕ ከተለየ ታንክ ዘይቱን ትመጥናለች፤ በዛፍ መቁረጫው ሰንሰለት መጋዝ ግን ሰው ራሱ ከቤንዚን ጋር ይቀላቅላል። በዚህም ሆነ በዚያ፣ ቤንዚን የጎደለበት ሞተር ዘይትም ይጎድለዋል ወይም ይሞቃል፤ ብዙ ጊዜ ሁለቱም ይደርሱበታል።

አሁን ወደ መንገዱ እንምለስ። የፎገራ ሜዳ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ከወረታ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲወጡ ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር አካባቢ ነው፤ በክምር ድንጋይ በኩል የጉናን ትከሻ ይዞ ነፋስ መውጫ ሲደርሱ ከፍታው 3,100 ሜትር ይሆናል። ጉና ራሱ ከ4,100 ሜትር በላይ ነው። በነፋስ መውጫ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠለል አንድ አራተኛ ያህል ይሳሳል፤ ሞተሩም ጉልበቱን በዚያው ልክ ያጣል። ካርቡሬተሩ ግን ይህን አያውቅም። ጄቱ፣ ማለትም ቤንዚን የሚለካባት ቀዳዳ ያላት የናስ ቁራጭ፣ ለባሕር ዳርቻ አገር የተመረጠ ከሆነ ለሳሳው አየር ከሚገባው በላይ ቤንዚን ይሰጣል። በስሌት ሲታይ በነፋስ መውጫ ቅልቅሉ ከባሕር ጠለል 16 በመቶ፣ ከፎገራ ደግሞ 6 በመቶ ያህል ይወፍራል።

ቤንዚን የበዛበት ቱ ስትሮክ የራሱ ድምፅ አለው። በእያንዳንዱ ዙር ማቀጣጠሉን ትቶ አንዱን እያለፈ አንዱን ያቀጣጥላል፤ ጋዝ ሲሰጡት ያንቀዋል፣ ሲተዉት ሚኒሞ ላይ ይወድቃል፣ ጭሱ ይበዛል፣ ካንዴላው ረጥቦና ጠቁሮ ይወጣል። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ «ሞተሩ አለቀ» ይላል። አላለቀም። ያናድዳል እንጂ ብዙም አይጎዳም፤ ተጨማሪው ቤንዚን ሞተሩን ያቀዘቅዛል፣ ዘይቱም አይጎድልም።

ካንዴላው ስለዚህ የመጀመሪያው ምስክር ነው። ሞተሩ ጉልበት ላይ እያለ ጠፍቶ ወዲያው ሲፈታ ጫፉ ቡናማ ከሆነ ቅልቅሉ ደህና ነው። ጥቁርና እርጥብ ከሆነ ወይ ቤንዚን በዝቷል ወይ ብልጭታው ደክሟል። ሁለቱን ለመለየት ደህንነቱ የታወቀ ሌላ ካንዴላ መሞከር ይበቃል፤ ያም ካልፈታው ቦቢናውና ሽቦው ይታያሉ። ነጭ ሆኖ፣ የቀለጠ የሚመስል ነጠብጣብ ካለበት ደግሞ ሞተሩ ዳግመኛ መነሳት የለበትም፤ ምክንያቱ ሳይታወቅ።

ቀጥሎ ቤንዚኑ። ማደያ በራቀበት አገር ቤንዚን በሃይላንድ ኮዳ ከመንገድ ዳር ይገዛል፤ ሃይላንዱ ውስጥ ምን እንዳለ የሚያውቀው ሻጩ ነው። ጥቂቱን በጠራ ጠርሙስ አድርጎ ማቆም ውኃ ካለ ከሥር ያሳያል። ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት መሆኑን ለማወቅ ነጭ ወረቀት ላይ ጠብ ማድረግ ነው፤ ንጹሕ ቤንዚን ተኖ ይጠፋል፣ ነጭ ጋዝ ግን የቅባት ክብ ይተዋል። (መጋዝ ላይ ይህ ዘዴ አይሠራም፤ ዘይቱ አስቀድሞ ተቀላቅሏላ።) ነጭ ጋዝ ያለበት ቤንዚን ማስነሳት ያስቸግራል፤ ሞተሩ ሲሞቅም ቅልቅሉ ከጊዜው ቀድሞ ፒስተኑን ይደበድባል።

የአየር ፊልትሮና ማርሚታ በአንድነት ይታያሉ። በበጋ የጠጠር መንገድ አቧራ የደፈነው ፊልትሮ አየር ከልክሎ ቅልቅሉን ያወፍራል፤ ከፍታው ያደረገውን ይደግምበታል። ማርሚታው ደግሞ ለዓመታት በተቃጠለ ዘይት ጥላሸት ይጠብባል። ካርቡሬተሩን ሦስት ጊዜ አጥቦ ለውጥ ያጣ ሰው ብዙ ጊዜ ያላየው ማርሚታውን ነው። ይህ ስንፍና አይመስለኝም፤ በባለ አራት ምት ሞተር ያደገ ሜካኒክ ማርሚታን የድምፅ መቀነሻ አድርጎ ነው የሚያውቀው። በቱ ስትሮክ ግን ማርሚታ የሞተሩ አካል ነው፤ የሚመለሰው የጭስ ግፊት ሊያመልጥ ያለውን አዲስ ቅልቅል ወደ ሲሊንደሩ ይመልሳል። ፊልትሮውን አውልቆ መንዳትም፣ ማርሚታውን በስቶ ማስጮኽም ይህን ሚዛን ማፍረስ ነው።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ የሚያስቸግር እንጂ የሚገድል አይደለም። የሚገድለው ተቃራኒው ነው፤ ቤንዚን ያነሰበት ሞተር። መጥፎነቱ ደግሞ መጀመሪያ ላይ ደስ ማሰኘቱ ነው። ጭሱ ይቀንሳል፣ ሞተሩ ይሳላል፣ ሽቅብ ይጎትታል፤ ጋዝ ሲለቁት ግን ዙሩ ቶሎ አይወርድም፣ ሚኒሞው ሳይነኩት ከፍ ይላል። የሚያስል ሞተር ችግሩን እየተናገረ ነው። ምንም ሳይሠሩለት በድንገት ጎበዝ የሆነውን መፍራት ይሻላል።

ቤንዚኑን የሚያሳንሰው አንዱ ምክንያት በስንጥቅ የሚገባ አየር ነው። ከየት ይገባል? በካርቡሬተሩና በሲሊንደሩ መካከል ያለው ጎማ በፀሐይና በዕድሜ ይሰነጠቃል። የክራንክ ሻፍቱ ጫፍ ላይ ያሉ የጎማ ማኅተሞች ይደርቃሉ። ጓርኒሲዮን ይበላል። የሞተሩ ሆድ አዲሱን ቅልቅል የሚገፋ ፓምፕ በመሆኑ በባለ አራት ምት ሞተር የዘይት ጠብታ ብቻ የሚያመጣ ቀዳዳ እዚህ ፒስተን ያቀልጣል። ፈተናው ቀላል ነው፦ መግቢያውንና መውጫውን ደፍኖ ቀስ ያለ የአየር ግፊት መስጠትና መገጣጠሚያውን የሳሙና ውኃ መቀባት፤ አረፋ የነፋበት ቦታ ጥፋተኛው ነው።

ሌላው ምክንያት ግን ሞተሩ ውስጥ ሳይሆን በባለሞተሩ ውሳኔ ውስጥ ነው። ነፋስ መውጫ ላይ ያነቀውን ሞተር ለማዳን ትንሽ ጄት ይገባለታል፣ ወይም የካርቡሬተሩ መርፌ ዝቅ ይደረጋል። ለዚያ ከፍታ ትክክለኛ ሥራ ነው። ሞተሩ በማግስቱ በአርብ ገበያ በኩል ወደ ታች ጋይንት፣ ከዚያም ወገዳን አልፎ ወደ በሽሎና ዓባይ ሸለቆ ከወረደ ግን አየሩ በየመታጠፊያው ይወፍራል፣ ሙቀቱ ይጨምራል፤ ጄቱ ግን ያው ደጋ የተመረጠው ነው። ከመካነ ኢየሱስ ወደ ዓባይ ዳር ቆላ የሚወርድ የእስቴ ሰውም ይኸው ይገጥመዋል። በእኔ ግምት በእንዲህ ያለ አገር ጄት የሚመረጠው ሰውየው ለሚደርስበት ዝቅተኛ ቦታ ነው፤ ደጋ ላይ ትንሽ ማነቁን መቻል ይሻላል።

ቁልቁለቱ ራሱ ሌላ ወጥመድ አለው። ወደ ጨጨሆ የሚወርደውን ጠመዝማዛ አንድ ሰው ጋዙን ዘግቶ፣ ካምቢዮ አስገብቶ፣ ሞተሩን እንደ ፍሬን እየተጠቀመ ሲወርድ ሞተሩ በከፍተኛ ዙር ይሽከረከራል፤ ዘይቷን የምትመጥነው ፓምፕ ግን የጋዙን እጀታ ስለምትከተል ምንም ያህል አትሰጥም። ፒስተኑ ደርቆ ሲሊንደሩን ይነክሳል፣ የኋላ ጎማ ተቆልፎ ይጎተታል። ልምድ ያለው ሰው በየጥቂቱ ፍሪስዮን ይዞ ጋዝ ቆንጠር ያደርጋል፤ እጁም ከፍሪስዮኑ አይርቅም።

ይህ ሁሉ አየር ላይ ቢሆንስ? ሮታክስ የተባለው የኦስትሪያ ፋብሪካ 503 እና 582 የሚባሉ ባለ ሁለት ሲሊንደር ቱ ስትሮክ ሞተሮችን ለቀላል አውሮፕላኖች ሠርቷል፤ የፋብሪካው መመሪያ ራሱ ሞተሩ ድንገት ሊቆም እንደሚችል ያስጠነቅቃል። አብራሪው መንገድ ዳር ማቆም ስለማይችል የጋይንቱ ሜካኒክ በካንዴላ የሚያየውን እሱ በበረራ ላይ ያያል። የጭሱን ሙቀት የሚያሳይ ጌጅ አለው፤ ከተለመደው ወሰን አልፎ ሲወጣ ቅልቅሉ ሳስቷል ማለት ነው። ሁለቱ ሲሊንደሮች በሙቀት ከተለያዩ ደግሞ የትኛው ካርቡሬተር እንደታመመ ይታወቃል። በእያንዳንዱ ሲሊንደር ሁለት ካንዴላ አለ፤ ከመነሳቱ በፊት አንዱን መስመር አጥፍቶ በሌላው ብቻ በማስኬድ የደከመውን ይለያል። ሚኒሞ ላይ ከ2,000 ዙር በታች ሲወርድ የሚንቀጠቀጠው ግን ሕመም አይደለም፤ የሞተሩና የፕሮፔለር ጊርቦክሱ ጠባይ ነው።

በአንጻሩ በኢትዮጵያ አቪዬሽን ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሚለማመዱበት ሴስና 172 ባለ አራት ምት ነው፤ አብራሪው ቤንዚኑን የሚያሳሳበት ቀይ እጀታ አለው። 2,300 ሜትር ላይ ካለው ቦሌ የሚነሳ ሴስና ቅልቅሉ አስቀድሞ ይሳሳለታል፣ ወደ ቆላ ሲወርድ መልሶ ይወፍርለታል። በሞተር ሳይክል ላይ ያ ቀይ እጀታ የለም። በምትኩ ያለው ኪስ ውስጥ የምትያዝ ሁለተኛ ጄትና አሥር ደቂቃ ቆሞ የመቀየር ትዕግሥት ነው።

ሞተሩ መንገድ ላይ ነክሶ ከቆመ ውኃ አይደፋበትም፤ ሲሊንደሩ ይሰነጠቃል። ግማሽ ሰዓት ያህል ቀዝቅዞ በእርግጫው ቀስ ብሎ ይሞከራል። ከዞረ ቴስታታ ከመክፈት በፊት ማርሚታውን አውልቆ በጭስ መውጫው መስኮት በባትሪ ወደ ውስጥ ማየት ነው፤ ፒስተኑና ፋሻው እዚያው ይታያሉ። ጭረቱ በመውጫው በኩል ብቻ ከሆነ ሙቀት ወይም የቤንዚን ማነስ ነው። በአራቱም ማዕዘን ካለ ሞተሩ ሳይሞቅ ተነድቶ ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ቀድሞ ተለጥጧል። ዙሪያውን ሁሉ ከደረቀና ከተፋቀ የዘይት ፓምፗን፣ ቧንቧዋንና ታንኩን ማየት ይገባል። ሲሊንደሩ ላይ የተለጠፈው አሉሚኒየም ብቻ ከሆነ ተጠርጎ ይድናል፤ ብረቱ ራሱ ከተቦረቦረ ግን ማሽን ቤት ሄዶ ይሰፋና አንድ ቁጥር ከፍ ያለ ፒስተን ከነፋሻው ይገባለታል።