አሮጌው ኮምፒዩተር የተጨመረለትን ራም ሁሉ ስለማይጠቀምበት ምክንያት

ኮምፒዩተር በራሙ ውስጥ ያለውን እያንዳንዱን ባይት የሚያገኘው በቁጥር ነው። የፖስታ ሣጥኖችን እናስብ፤ ለሣጥን ቁጥር የተፈቀደው አሃዝ ሦስት ብቻ ቢሆን፥ ከ000 እስከ 999 አንድ ሺህ ሣጥን እንጂ ከዚያ በላይ ማደል አይቻልም። አዳራሹ ቢሰፋም ለትርፉ ሣጥን ደብዳቤ አይደርሰውም። በብዛት የተሠራጨው ባለ 32 ቢቱ ዊንዶውስ ኤክስፒ የሚያድለው ቁጥር 4,294,967,296 ነው፤ ይኸውም 4 ጊጋባይት መሆኑ ነው።

ታዲያ 4 ጊጋባይት የገዛ ሰው 4 ማግኘት አልነበረበትምን? በኡራኤል ሰፈር በጽሕፈትና በፎቶ ኮፒ ሥራ የሚተዳደሩ አንዲት እናት በዚህ ጥያቄ ከራም ሻጩ ጋር ሊካሰሱ ደርሰው ነበር፤ መኪናቸው 3.25 ብቻ ስላሳየ። መርምረን ሻጩ እንዳላታለለ አስረዳናቸው። ከቁጥሮቹ ከፊሎቹ ለስክሪን ካርድ፥ ለኔትወርክ ካርድና ለመሳሰሉት ዕቃዎች ተሰጥተዋል፤ በእነዚያ ቁጥሮች ሊጠራ ይችል የነበረው ራም እዚያው ተሰክቶ ሳይጠራ ይቀራል።

ጠቡ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው የአይ ቢ ኤም ኮምፒዩተር የነበረው ቁጥር 1,048,576 ብቻ ሲሆን፥ ለፕሮግራም የተተወው 640 ኪሎባይት ነበር። ከ200 የሚበልጠውን ፊደላችንን ለመጻፍ የተሠሩት የመጀመሪያዎቹ ፕሮግራሞችም በዶስ ላይ የሠሩት በዚሁ ጠባብ ቤት ነው።

ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ1995 በፔንቲየም ፕሮ ላይ ፒ ኤ ኢ የሚባለውን ዘዴ አመጣ፤ ቁጥሩ 36 ቢት ስለሆነ እስከ 64 ጊጋባይት ይደርሳል። ባለ 32 ቢቱ ሊኑክስ በዚህ መንገድ ትርፉን ራም ይጠቀምበታል። ማይክሮሶፍት ግን ረዥሙን ቁጥር የማይችሉ የዕቃ ድራይቨሮች መኪናውን እንዳያቆሙት በመስጋት፥ ኤክስፒን በ4 ጊጋባይት ወሰን አስቀረው። ወሰኑን እናነሣለን የሚሉ ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፉ ማስተካከያዎች አሉ፤ የሲስተሙን ልብ የሚነካካ የማይታወቅ ፋይል የሰው ውል በሚጻፍበት መኪና ላይ መጫን ግን አንመክርም።

በእኛ አስተያየት ለጽሕፈት ብቻ ከሆነ 3.25 ይበቃል፤ ኤክስፒ ለአንድ ፕሮግራም የሚሰጠው በተለመደው አሠራር ከ2 ጊጋባይት አያልፍምና። ከዚያ በላይ የሚሻ ባለ 64 ቢት ሲስተም ይጫን፤ አስቀድሞ ግን ፕሮሰሰሩና ማዘርቦርዱ የሚችሉ መሆናቸውን ይይ። ከአሮጌ ማዘርቦርዶች አንዳንዶቹ በ64 ቢትም ቢሆን ያንኑ 3.25 ያሳያሉ። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ ስለ ገባ አማርኛው አያስቸግርም፤ በድሮ ፎንት የተጻፉት ሰነዶች ግን ካልተለወጡ ወይም ፎንቱ አብሮ ካልተጫነ ስለማይነበቡ፥ አሮጌው ዲስክ ከመደምሰሱ በፊት ሁለት ቅጂ ይያዝ።