ያልተነበበው ማስታወቂያ፦ ቀለም ስንመርጥ ምን እናስብ?



ከጥቂት ዓመታት በፊት በማስተምርበት መድረሳ የክረምት ትምህርት ምዝገባ ደረሰና ማስታወቂያውን እንድጽፍ ታዘዝኩ። አረንጓዴ ጨርቅ ገዝቼ በደማቅ ቀይ ቀለም ጻፍኩበት። ቀርቤ ሳየው አማረኝ፤ በሩ ላይም ተሰቀለ። ምዝገባው ሲዘጋ ግን ከጎበዝ ተማሪዎቼ የአንዱ ስም አልነበረም። ብጠይቀው፣ «ኡስታዝ፣ ወላሂ እኔ ባዶ ጨርቅ ነው ያየሁት» አለኝ። ሰበብ የፈጠረ መስሎኝ ተቆጣሁት። ቦታው ሞልቶ ስለነበር ልጁ ክረምቱን ያለ ትምህርት አሳለፈ። ቀይና አረንጓዴን መለየት እንደማይችል ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

ስለ ቀለም መማር የጀመርኩት ከዚያ ቀን ወዲህ ነው።

ማንኛውም ቀለም ሦስት ጠባያት አሉት። አንደኛው ዓይነቱ ነው፤ ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ የምንለው። ሁለተኛው መንጣቱ ወይም መጥቆሩ ነው፤ የጠዋት ሰማይ ሰማያዊና የእስክሪብቶ ሰማያዊ አንድ አይደሉም። ሦስተኛው ድምቀቱ ነው፤ የቲማቲምን ቀይ ከጡብ ቀይ ጋር ማስተያየት ይበቃል። ዓይን ፊደልን ከሩቅ የሚለየው ይበልጡን በሁለተኛው ነው። የእኔ ቀይና አረንጓዴ በዓይነት ቢራራቁም በመንጣትና በመጥቆር ተቀራራቢ ነበሩ። በጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ቢነሱ ሁለቱም ግራጫ ሆነው ይቀራሉ።

ቀለም ብቻውን አይታይም። በ11ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ካይሮ የኖረው ኢብን አል-ሀይሠም «ኪታብ አል-መናዚር» በተባለው መጽሐፉ፣ በተለያዩ ቀለማት የተቀባ እሽክርክሪት በፍጥነት ሲዞር ቀለማቱ ተዋህደው አንድ መስለው እንደሚታዩ አስረድቷል። ፈረንሳዊው ኬሚስት ሼቭሬል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1824 በፓሪስ የጎብለን ሸማኔ ቤት የክር ማቅለሚያ ኃላፊ ሆነ። ጥቁሩ ክር ደካማ ነው የሚል አቤቱታ ቀረበለት። ቢመረምር ክሩ እንከን የለውም፤ ያደከመው አጠገቡ የተሸመነው ሰማያዊና ሐምራዊ ነበር። ግኝቱን በ1839 በመጽሐፍ አወጣው።

እናንተም ሞክሩት። ከአንድ ግራጫ ወረቀት ሁለት ቁራጭ ቆርጣችሁ አንዱን በነጭ፣ ሌላውን በጥቁር ላይ አስቀምጡ። በጥቁሩ ላይ ያለው ነጣ ብሎ ይታያችኋል።

እንግዲህ ፖስተር ለምትሠሩ፣ ልብስ ለምትሰፉ፣ ቤት ለምታስውቡ ሁሉ ከልምዴ ይህን እላለሁ፦

• መጀመሪያ ሥራው ለማን፣ ከምን ያህል ርቀት እንደሚታይ ጠይቁ።
• ለጽሑፍ አንዱ ቀለም የጠቆረ፣ ሌላው የነጣ ይሁን።
• ቀለም አታብዙ። አንድ ዋና፣ አንድ አጋዥ፣ ለማድመቂያ ጥቂት ሦስተኛ ይበቃል።
• የቀን ብርሃንና የአምፖል ብርሃን ቀለምን ይለውጣሉና በሚሰቀልበት ቦታ እዩት።
• መልእክትን ለቀለም ብቻ አትተዉ፤ በቃል ወይም በምልክት ደግፉት።

ወላጆችና መምህራን ሆይ! ይህ ችግር ብዙውን ጊዜ ከትውልድ የሚመጣ ሲሆን ከሴቶች ይልቅ በወንዶች ላይ ይበዛል። በሰሜን አውሮፓውያን ወንዶች ዘንድ ከ12 አንዱ ገደማ አለበት። ልጃችሁ ቀለም ሲያምታታ ሰነፍ አትበሉት፤ ዓይኑን አስመርምሩት።

በተከታዩ ዓመት ማስታወቂያውን በጥቁር አረንጓዴ ላይ በነጭ ጻፍኩት። ገና ሳልሰቅለው ያ ልጅ ከመንገዱ ማዶ ሆኖ ጮክ ብሎ አነበበልኝ። አፉ እንዲለኝ የጠየቅሁትም ያን ጊዜ ነው።